ሰማያዊው ሄልሜትና የጉዮ ምርጫ

ኮርቻ መስፋት የጀመርኩት ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። ባለቤቴ ወታደር ነበር። ጦሩ ሲበተን በኬንያ በኩል ወጣ አሉኝ፤ አልተመለሰም። ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ያቆምኩ፣ ልጆች የያዝኩ ሴት ነበርኩ። ነገሌ ገበያ ጥግ ኮርቻ የሚሰፉ ዋሪዮ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሄጄ ሥራ ይስጡኝ አልኳቸው።

የመጀመሪያው ቀን ወስፌና ሰም የተቀባ ክር ሰጡኝና ኮርቻውን በፈረሱ ሆድ ስር የሚያስር አንድ የሆድ ጠፍር አሰፉኝ። ስጨርስ በእግራቸው ረግጠው በሁለት እጃቸው ሳቡት። ተተረተረ።

«አሁን አንድ ሰው ገደልሽ» አሉኝ። ቆዳውን መልሰው ጭኔ ላይ ጣሉት። እስኪመሽ ስፈታና ስሰፋ ዋልኩ።

ሥራውን የተማርኩት እንዲህ እየተጣለብኝ ነው። ከሁሉ በፊት ጠፍር፣ ቀጥሎ እርካብ ማንጠልጠያ፣ በመጨረሻ ኮርቻ። የእኛ አገር ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ይጋልባል፤ እርካቡ አውራ ጣቱን ብቻ የሚያስገባበት ቀለበት ነው። ማንጠልጠያው ከተበጠሰ ሰውየው የሚይዘው ነገር የለውም። ዋሪዮ ሲያርፉ ቦታው ለእኔ ቀረ። ከፊልቱ እስከ ተልተሌ ድረስ ኮርቻ ያሰፉኝ ነበር። ሴት የሰፋችው ኮርቻ ላይ አልቀመጥም የሚሉም ነበሩ፤ የሌላው ሲበጠስባቸው መጡ።

ከዓመታት በኋላ ከነገሌ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ የፈረስ ውድድር ይደረግ ጀመር። ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ዳኞችና አስነሺ ነበረው። እኔን የኮርቻ ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። ሥራዬ ከመነሻው መስመር በፊት ነው። በጠፍሩና በፈረሱ ሆድ መካከል ጣቴን አስገባለሁ፣ እርካቡን ወደ ታች እስባለሁ፣ ልጓሙን አያለሁ። ፈረስ ተንኮለኛ ነው፤ ሲጭኑት ሆዱን ይነፋል። ሲተነፍስ ጠፍሩ ይላላል፤ ስለዚህ ጥቂት አዙሬ አራምጄው ጠፍሩን እንደገና አጠብቃለሁ። እኔ ያላሳለፍኩት ፈረስ አይነሳም።

ባለፈረሶቹ አብዛኛዎቹ የከብት ነጋዴዎች ናቸው። ጋላቢዎቹ ተቀጣሪዎቻቸው ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ከብት ይነዳሉ፣ ፈረሱን ያበላሉ፣ ያጠጣሉ፤ በውድድሩ ቀን ይጋልቡታል። ጋላቢው የጌታውን ቀለም ጥምጥም ያስራል። አቧራው ሲነሳ ሕዝቡ ፈረሱን የሚለየው በጥምጥሙ ነው። የኦቦ ቦሩ ቀለም ሰማያዊ ነበር። ቦሩ ብዙ ፈረስ ያለው፣ ለኮሚቴው ሰንጋ የሚያርድ፣ በየሠርጉ የሚጠራ ሰው ነው።

አንድ ዓመት ኮሚቴው ከአዲስ አበባ የፈረስ ግልቢያ ሄልሜት አስመጣ። ያላደረገ አይወዳደርም ተባለ። ባለፈረሶቹ ተነሱ። ሄልሜት ጥምጥም ይሸፍናል፣ ፈረሳችን አይታወቅም አሉ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ መኮንን አስተማሪ ነው፤ ጠብ አይወድም። ብዙ ካከራከራቸው በኋላ፣ «ጭንቅላት የግል ነው። ማድረግ አለማድረጉን ጋላቢው ራሱ ይምረጥ» ብሎ ዘጋው። ለእኔም ትክክል መስሎ ታየኝ። የጥምጥሙን ነገር ደግሞ በቀላሉ ፈታሁት፤ የየጌታውን ቀለም ጨርቅ ሄልሜቱ ላይ መስፋት ጀመርኩ።

የቦሩ ጋላቢ ጉዮ የሚባል ልጅ ነበር። ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ መጣ።

«አካም አዴ፣ ናጋ?» ብሎ በቋንቋው ሰላም አለኝ፤ አዴ ማለት እናት ናት።

«ናጋ። ምን ልስፋልህ?»

«ይህን ድስት ሰማያዊ ያልብሱልኝ።»

«ድስት ከሆነ ለምን ትደፋዋለህ?»

«ዱብሉቅ ውድድር ላይ አንድ ጓደኛዬ ከፈረስ ሲወድቅ አይቻለሁ። ልጄ ደግሞ አባባ ማለት ገና መጀመሯ ነው፤ ሌላ ሰው አባባ እንድትል አልፈልግም።»

«ሚስትህስ ምን አለች?»

«እሷ ናት የላከችኝ። ባዶም ቢሆን ጭንቅላትህ ያስፈልገኛል አለችኝ።»

ሳቅን። እዚያው ቁጭ ብሎ አሰፋኝ። አገጩ ስር የሚታሰረው ማሰሪያ ረዝሞበት ነበርና በልኩ አሳጠርኩለት።

የውድድሩ ቀን ጉዮ ሄልሜቱን አድርጎ፣ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ ወደ እኔ መጣ። ጠፍሩን ሁለተኛ እያጠበቅኩ ሳለ ቦሩ መጣ። ሽቅብ ጉዮን አየውና በቦረንኛ ተናገረው። ቋንቋውን እሰማለሁ።

«ይህን ምን አመጣው?»

«ጨርቁ ሰማያዊ ነው ጌታዬ፣ ከሩቅ ይታያል።»

«እሱን አየሁ። ክብደቱንስ? የሌላው ባለፈረስ ጋላቢ ባዶ ራሱን ነው። አውልቅ።»

«ኮሚቴው ጋላቢው ይምረጥ ብሏል» አልኩት እኔ።

«ይምረጥ አዴ፣ ማን ከለከለው? ጭንቅላቱ የእሱ ነው። ፈረሱ የእኔ ነው። እሱን ማድረግ ከመረጠ ይውረድ፤ ሌላ ጋላቢ አለ። ነገም ከብቱን ሌላ ይንዳ።»

ጉዮ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። ከዚያ ማሰሪያውን ፈታና ሄልሜቱን ሰጠኝ።

«ይያዙልኝ አዴ። መርጫለሁ።»

ወደ አቶ መኮንን ሄድኩ። ሰማኝ፤ አንገቱን ደፋ። «ልጁ መርጫለሁ ካለ ምን ላድርግ? ደንቡ ይህንኑ ነው የሚለው» አለኝ። ኮርቻው ምንም እንከን አልነበረውም፤ ፈረሱን የማስቆምበት ሥልጣን አልነበረኝም። አስነሺው ባንዲራውን ጣለ።

ፈረሱ ሜዳው መሐል ላይ የከርከሮ ጉድጓድ ረገጠ። በፊት እግሩ ተንበረከከና ተነሳ። ጉዮ በፈረሱ አንገት በኩል ተወርውሮ በጭንቅላቱ ወደቀ። ስደርስ ዓይኑ ክፍት ነበር፤ ከጆሮው ደም ይወርድ ነበር። ፈረሱ አጠገቡ ቆሟል፤ ኮርቻው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አንድ ሰው «ሄልሜቱ የት አለ?» ብሎ ጮኸ። በእጄ ነበር።

ጉዮ አልሞተም። ከሆስፒታል ሲመለስ በአንድ ጎኑ አይንቀሳቀስም። የፈረሶቹን ስም አንድ በአንድ ይጠራል፤ ልጁን ግን አያውቃትም። «ይህች የማን ናት?» ይላል። ልጅቷ በመጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ኋላ ማልቀሱን ተወች።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አቶ መኮንን ማዘናችንን እንግለጽ አለ፤ ቀጥሎ፣ «ሆኖም ልጁ ያወለቀው በራሱ ምርጫ ነው» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ተነሳሁና ጠፍሩን ሳጠብቅ የሰማሁትን ተናገርኩ። ቦሩ እዚያው ተቀምጧል።

«ዋሸሁ?» አልኩት።

«አልዋሹም። ግን አላስገደድኩትም፤ ምረጥ ነው ያልኩት።»

«ከምንና ከምን?»

ቦሩ ወደ ሰብሳቢው ዞረ።

«ከሄልሜቱና ከእንጀራው» አልኩ። «አቶ መኮንን፣ ጋላቢዎቹ ውጭ ናቸው፤ ግቡና ምረጡ በላቸው።»

ጠራቸው። ሄልሜት የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ ቢል አንድ እጅ አልወጣም። ቦሩ ፈገግ አለ። «አሁን ባለፈረሶቹን አስወጣልኝ» አልኩ። ተነጫንጨው ወጡ። አቶ መኮንን ያንኑ ጥያቄ ደገመው። ጋላቢዎቹ ተያዩ። ከዚያ እጆቹ ተነሱ፤ ከአንዱ በስተቀር።

ያ አንዱ ጃተኒ ነው። የሚጋልበው የራሱን ፈረስ ነው፤ ጌታ የለውም።

«እኔ አልፈልግም» አለ። «ያፍነኛል፤ ከኋላዬ የሚመጣውን ኮቴ አያሰማኝም። ብሞትም የምሞተው እኔ ነኝ።»

«አንተ እውነት መርጠሃል» አልኩት።

«እንግዲያው ተዉኝ።»

«አንተን ከተውን ነገ ቦሩ ጋላቢውን እንደ ጃተኒ መርጫለሁ በል ይለዋል።»

«እነሱ ጌታቸውን ስለፈሩ እኔ ልቀጣ?»

«አዎ» አልኩት።

ሄልሜት ለሁሉም ግዴታ ሆነ። ማሰሪያው መቆለፉን ማየትም በእኔ ሥራ ላይ ተጨመረ። ቦሩ ፈረሶቹን ሄልሜት ግዴታ ወዳልሆነበት ሌላ ከተማ መውሰድ ጀመረ፤ እዚያ አሁንም ምርጫ ነው ይላሉ። ኮርቻ ይስፉልኝ ብሎ ሰው ላከ፤ አልሰፋሁለትም። በእሱ ምክንያት ከእኔ የቀሩ ደንበኞችም አሉ። ጃተኒ ነገሌ ላይ ዳግመኛ አልተወዳደረም። ገበያ ስንገናኝ ሰላምታዬን ይመልሳል፤ ቆሞ ግን አያወራኝም። አልፈርድበትም፤ የወሰድነው የእሱን ምርጫ ነው።

የጉዮ ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ጠዋት አባቷን ፊቱን አጥባ፣ ሸሚዙን ቆልፋለት ነው የምትወጣው።

ዛሬ ዓይኔ ክር አያስገባም። ወስፌውን ለልጅ ልጄ ሰጥቻለሁ፤ በየውድድሩ ግን መስመሩ ላይ አብሬያት እቆማለሁ። ይህን ሥራ ለምትይዙ የምለው አንድ ነገር ነው። ጋላቢው የሌላ ሰው ፈረስ ላይ ከተቀመጠ ሄልሜቱን ለምርጫው አትተዉለት። ግዴታ አድርጉት፤ እንደ ጃተኒ ያለ ነፃ ሰው ይከፋዋል፣ ይከፋው።