የሲስተር ኮከብ የቀትር ጥሪ

ሲስተር ኮከብን የሚያውቅ ሁሉ ይህን አመሏን ያውቃል። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ሥራ ላይም ትሁን ገበያ መሀል፣ ጣቷን ወደ ገዛ ደረቷ ቀስራ ስሟን ሦስት ጊዜ ትጠራና እሷው «አቤት» ትላለች። ከዚያ ጠዋት ምን እንደበላች፣ ሌሊት ምን ያህል እንደተኛች ለራሷ ተናግራ መንገዷን ትቀጥላለች። የማያውቃት «ምስኪን፣ ፀሐይ መታቻት» ብሎ ያልፋል። የሚያውቃት ግን አይስቅም፤ ጠርታ እስክትጨርስ ቆሞ ይጠብቃታል።

ኮከብ የጎንደር ልጅ ናት። ነርስነት ተምራ ሁመራ አጠገብ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ተመድባ ነበር። በስድሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክንዱን በጥይት የተመታ አንድ ወጣት በጓሮ በር ገባባት፤ ቁስሉን አጥባ ጠቀለለችለት። በማግስቱ የቀበሌ ጠመንጃ ያዦች መጥተው ስሙን አምጪ አሏት። አልጠየቅሁትም አለች። ውሸቷን ነበር፣ ልጁ ስሙን ነግሯታል። እስከ ነገ አስታውሺ ብለዋት ሲሄዱ፣ መቀሷንና አንድ ነጠላዋን ይዛ ድንበሩን ተሻገረች። ያንን ስም እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም።

ሱዳን ገብታ ከአንድ መጠለያ ወደ ሌላው ስትል ቆየችና በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ራሷን ወድ ኤል ሒለው በሚባል መጠለያ አገኘችው። ያን ዓመት ድርቁም ጦርነቱም የገፋው ሕዝብ ወንዙ ዳር ሞልቶ ነበር። ክሊኒክ የሚባለው ከገለባ የተሠራ፣ ራኩባ የሚሉት ረጅም ዳስ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ፣ ወለሉ አፈር፣ ውስጡ ሃያ የገመድ አልጋ በሁለት ረድፍ። ተቅማጡና ትውከቱ ሰውን በአንድ ቀን እንደ ቆዳ የሚያደርቅበት ጊዜ ነበርና አልጋ ባዶ ሆኖ አያውቅም። በጣም የደከመው በሽተኛ ለነርሷ ጠረጴዛ ቅርብ እንዲሆን በሩ አጠገብ ባለችው አልጋ ይተኛል። ስለዚህም በዚያች አልጋ ላይ ብዙ ሰው ይሞታል። ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ግን ለሕዝቡ ማንም አላስረዳውም።

ሥራውን ያስለመደቻት ሚዶሪ የምትባል ጃፓናዊት ነበረች፤ ሁለት ወር ከኮከብና ከተለዋጭዋ ጋር የሠራች፣ ደቃቃ፣ ሳቋ እንጂ ድምጿ የማይሰማ ሴት። ሚዶሪ ነርሶች ሥራ የሚረካከቡበት አንድ ደንብ አመጣች። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ነው፤ የሚወጣው ተረኛ ለሚገባው ያስረክባል። በየአልጋው ይቆማሉ፣ ጣት ወደ በሽተኛው ይቀሰራል፣ ስም ጮክ ተብሎ ይጠራል። ከዚያ ጣት ወደ ግሉኮሱ፣ ከዚያ መርፌው ወደገባበት ክንድ፣ ያዩትንም በአፍ መናገር። የደከመ ዐይን ያላየውን አየሁ ይላል፣ ጣትና አፍ ሲጨመሩበት ግን ማታለል ይከብደዋል አለቻቸው በተሰባበረ ዐረብኛዋ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ነርሷ ጣቷን ወደ ራሷ አዙራ የገዛ ስሟን ትጠራለች፣ መብላቷንና መተኛቷንም ትናገራለች። ኮከብ በዚህች በመጨረሻዋ ስትስቅ ነው የሰነበተችው። ሰው እየሞተ ስለ እኔ ቁርስ ማን ይጠይቃል ብላ፣ ሚዶሪ ጊዜዋ ደርሶ አገሯ ስትመለስ ያችን ብቻ ቆርጣ ጣለቻት።

እንግዲህ ጣጣው ያለው ቀትሩ ላይ ነው። በዚያ አገር ቀትር ሲሆን ጥላ እግር ሥር ይገባል፣ ወፍ ዝም ይላል፣ አህያ እንኳ አያናፋም። የቆላው ሰው በቀትር የሚሄድ ነገር እንዳለ ያውቃል። ስሙን አይጠሩትም፤ «እሱ» ብቻ ይሉታል። እሱ ሰውን በስሙ ይጣራል፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ሰው የሆነ ሦስቴ ይጠራል። ስለዚህ በቀትር ስሙን የሰማ ሦስተኛውን ሳይሰማ አቤት አይልም፤ በመጀመሪያው አቤት ያለ ሳምንት አይቆይም ይባላል። ኮከብ ይህን ከእናቷ ሰምታ ነው ያደገችው። ነርስ ትምህርት ቤት ስትገባ ከልጅነት ቀሚሷ ጋር የጣለችው መስሏታል።

ደንቡ ሁለት ሰው ሳለ ብዙም አላስፈራም ነበር። ተለዋጭዋ ጋረደው የሚባል የመተማ ሰው፣ ሽማግሌ ድሬሰር፣ እየቀለደ ስለሚረከባት ሰዉ ይስቅ ነበር። ኡም ጋርጉር በሚባል ሌላ መጠለያ በሽታ በረታና ጋረደው በሎሪ ተጭኖ ወደዚያ ሄደ። ኮከብ ሌሊትም ቀንም ብቻዋን ቀረች። አንድ እጅ አያጨበጭብም ነው ነገሩ፤ ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው ብላ በየቀኑ ቀትር ላይ ተረካቢ በሌለበት ታስረክብ ጀመር። ፊቷ ከሰል መስሎ፣ ዐይኗ ጎድጉዶ፣ ከበሩ አልጋ ትጀምርና ጣቷን ትቀስራለች፤ የበሽተኛውንም ስም አንድ ጊዜ ጠርታ ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

በሦስት ቀን ሦስት ሰው የበሩ አልጋ ላይ ሞተ። ሦስቱም ከሁሉ ቀድመው የተጠሩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቀትር ሲደርስ ራኩባው ውስጥ የነጠላ መንኮሻኮሽ ይሰማል፤ በሽተኛው ሁሉ ፊቱን ይሸፍናል። ስትጠራ የሚመልስላት ጠፋ። መዳህ የሚችል እየዳኸ ወጥቶ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር ይተኛል። ኮከብ ተናደደች፤ ከንዴቷ በታች ግን ሌላ ነገር ነበረ። ጣቷን ስትቀስር እጇ መክበድ ጀምሮ ነበር። ፈርታለች፣ መፍራቷም አሳፍሯታል።

አራተኛው አልጋ ላይ ማሬ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ተኝታለች። እናቷ እናኑ የጠገዴ ሴት ናት፤ ሁለት ልጅ መንገድ ላይ ቀብራ በዚች አንዲት ልጅ የቀረች። እናኑ ጠዋት ውሃ የሚቀዳበት ዚር፣ ትልቁ የሸክላ ጋን አጠገብ ጠብቃ ኮከብን ያዘቻት።

«ሲስተር፣ እጅሽን አልጠላሁትም፤ ልጄን ያቆመልኝ እጅሽ ነው» አለቻት። «ጣትሽን ግን አንሺልኝ። አልተውም ካልሽም እንደ ሰው ሦስቴ ጥሪያት።»

ሦስት ጊዜ መጥራት ምን ይከብድ ነበር? ኮከብን ግን ከበዳት። ሦስቴ ከጠራሁ እሱ አለ ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው፣ ታዲያ ምኑን ተማርኩት ስትል አሰበች። ስም አሳልፎ መስጠት ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ከሁመራ ጀምሮ ታውቃለች። በትምህርቷ ኮርታ ሦስቴ መጥራቱን እንቢ አለች፣ በልቧ ፈርታ መዝለሉን እሺ አለች። ከሁለቱ የትኛው እንደባሰ ኋላ ብዙ ጊዜ ራሷን ጠይቃለች።

ሁለት ቀትር አራተኛውን አልጋ አንገቷን ደፍታ አለፈችው። ግሉኮሱ ተሰቅሏል፤ ጠብታው ሲወርድ በዐይኗ ጫፍ ታያለች፤ ልጅቱም ተሸፍና ተኝታለች። ሁለቱንም ቀን ደህና ናት ብላ አመነች።

በሦስተኛው ቀትር የበሩ አልጋ ባዶ ነበረ፤ የተኛበት ሰው ጠዋት ወጥቶ ተቀብሯል፣ በቦታው ሊተኛ የደፈረም የለም። ኮከብ ከሁለተኛው ጀምራ ጠራች፣ ሦስተኛውን ጠራች፣ አራተኛውን ዘላ አምስተኛው ላይ ጣቷን ስታነሣ ከኋላዋ አንድ ድምፅ «ማሬ» አለ።

አንዴ ብቻ ነው። ቀስ ያለ፣ የደከመ፣ የጎንደር ሴት ድምፅ። ኮከብ እኔ ነኝ የተናገርኩት ብላ እጇን ወደ አፏ ሰደደች። ከንፈሯ ከድርቀት ብዛት እርስ በርሱ ተጣብቋል። ዞር አለች። በበሩ አልጋ ላይ ማንም የለም፤ ገመዱ ግን ሰው እንደተቀመጠበት መሀሉ ረግቧል። እናኑ ልጇንና ራሷን በአንድ ነጠላ ሸፍና ተቀምጣለች። ከነጠላው ሥር ደግሞ በጣም ቀጭን፣ እንቅልፍ የያዘው ሰው የሚመልሰው ዓይነት «አ…» የሚል ድምፅ ወጣ።

ኮከብ የተማረችውንም ያልተማረችውንም ረሳች። «ማሬ! ማሬ!» እያለች ሮጣ ነጠላውን ገፈፈችው። መርፌው ከልጅቱ ክንድ ወጥቶ ግሉኮሱ የሚንጠባጠበው ምንጣፉ ላይ ነበር፤ ሥሩ ያለው አፈር ጭቃ ሆኗል። የልጅቱ ዐይን ገብቷል፤ የእጇ ቆዳ ሲቆነጠጥ እንደተቆነጠጠ ይቀራል። ጣቷን ቀስራ ብታይ ኖሮ ትናንት የምታየው ነገር ነው። ደም ሥር ፈለገች፣ ሳተች፣ እንደገና ሳተች፣ በሦስተኛው አገኘች። እጇን የማሬ ክንድ ላይ ጭና ቁጭ አለች። ብዙ ቆይቶ ማሬ ዐይኗን ገለጠችና «አቤት» አለች።

ኮከብ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች። እናኑ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበረች።

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች። «ድምፁ ያንቺ ነው። ግን በነጠላው ቀዳዳ አፍሽን አይ ነበር፤ አልተነቃነቀም። የመጀመሪያውን የጠራ እሱ ነው። አንቺ ሁለቱን ጨመርሽበትና የሰው ጥሪ አደረግሽው።»

ኮከብ ልታስረዳት ፈለገች። የደከመ አእምሮ ዐይን ያየውን በድምፅ ሊነግረን ይችላል፣ ጭቃውን በዐይኔ ጫፍ አይቼው ይሆናል ልትል ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እናኑ ለምን እንደሰማች ግን አያስረዳም።

በማግስቱ ቀትር ኮከብ ኩራቷን ዋጠችና እያንዳንዱን በሽተኛ ሦስት ሦስት ጊዜ ጠራች። ነጠላዎቹ አንድ በአንድ ተገለጡ። አንዱ በሹክሹክታ፣ ሌላው እያቃሰተ፣ ሁሉም በሦስተኛው ላይ «አቤት» አሉ። ማሬማ ሦስተኛውን እስክትሰማ ጉንጯን ነፍታ ጠበቀች። አሥር ቀን ሙሉ ፊት ያልታየበት ራኩባ ሰው ሰው ሸተተ። ኮከብ የመጨረሻውን አልጋ ጨርሳ ጣቷን አወረደች፤ የራሷን ስም እንደ ልማዷ ተወችው። ከንጋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ከራኩባው ጀርባ ሄዳ አስታውካለች፤ ይህንንም ለማንም አልነገረችም። ባለ መድኃኒት ሆይ ራስህን ፈውስ የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች። በሩ ላይ ስትደርስ ከባዶው አልጋ «ኮከብ» የሚል ተሰማ።

ድምፁ አላስፈራትም፤ የሚያስፈራውም ይህ ነው። እንደ እናት ለስላሳ ነበር። ደክሞሻል፣ ነይ እረፊ የሚል ይመስላል፤ አልጋውም ባዶ ነው፣ ገመዱም ረግቧል። በሕይወቷ እንደዚያ ቅጽበት እሺ ማለት አሰኝቷት አያውቅም። አፈሩ ላይ ወደቀች፤ የተጣበቀው ከንፈሯ «አ…» ለማለት ተከፈተ።

አንድ የሻከረ መዳፍ አፏን ገጥሞ ያዘው። እናኑ ናት፤ እንዴት እንደደረሰች አይታወቅም።

«ቆይ» አለቻት። «ገና አንዴ ነው።»

ከዚያም ቀና ብላ፣ ያን ስትፈራው የሰነበተችውን ጣት ራሷ ቀስራ ኮከብ ደረት ላይ ጠቆመችና በሙሉ ድምጿ «ኮከብ!» አለች። ይህ ሁለተኛው ነው። ከዚያ መቀመጥ የቻለው ተቀምጦ፣ ያልቻለው እንደተኛ፣ አንዱ ከነመርፌው፣ ሁሉም ጣታቸውን አነሡ። ማሬም ያችን የከሳች ክንዷን ዘረጋች። ሦስተኛውን በአንድነት ጠሩት።

እናኑ መዳፏን አነሣች። ኮከብ «አቤት» አለችና ሆዷ እስኪያማት አለቀሰች።

በበሩ አልጋ ላይ አላስተኟትም። እናኑ አልጋውን እግሩን ወደ ሰማይ ገለበጠችው፤ ኮከብን ደግፋ ከማሬ ጎን አጋደመቻትና የጨውና የስኳሩን ውሃ በማንኪያ ታጠጣት ጀመር። ምን በላሽ ስትል ጠየቀቻት። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ምንም አልበላሁም አለች ኮከብ። መቼ ተኛሽ ስትላት ግን ብታስብ ብታስብ ማስታወስ አቃታት።

«ሁላችንን በየቀኑ ስትረከቢን» አለች እናኑ፣ «ለመሆኑ አንቺን ማን ነው የተረከበሽ?»

ኮከብ አፏን ለማንኪያው ከፈተች።