በሰማያዊው መሐረብ ውስጥ

ቮሎስ ወደብ ላይ ወዳለችው የዓይን ክሊኒክ ለምርመራ የመጡት አሮጊት ጥቁር ለብሰዋል፤ ጣቶቻቸው መረብ ሲጠግኑ ኖረው ሻክረዋል። ሐኪሟ ስታማቲያ ፊደላቱን አስነበበቻቸው፤ እስከ መጨረሻው ረድፍ ሳይሳሳቱ ወረዱ። የዓይናቸውን ግፊት ለካች፤ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመረችላቸውና ትንሽ ቆይታ ውስጡን በመብራት አየች።

«ዓይንዎ ደህና ነው፣ እማማ። መነጽር አያስፈልግዎትም።»

«ለራሴ ብዬ አይደለም የመጣሁት» አሉና በሰማያዊ መሐረብ የተጠቀለለ ወፍራም የወንድ መነጽር አወጡ። «የልጄ ነው። ጀልባው የሰመጠ ዕለት ቤት ረስቶት ወጣ። ያለ እሱ ምን ያህል ይታየው ነበር?»

ስታማቲያ መነጽሩን በመሣሪያ ለካች። ልትዋሽ አሰበች፤ ሴትዮዋ ግን በሰፉት ብሌኖቻቸው ትክ ብለው ያዩዋታል።

«እጁ ከሚደርስበት አልፎ ብዙም አይታየውም ነበር።»

«ማዕበሉ ሲመጣስ?»

«ከሩቅ አያየውም ነበር፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ተደግፈው በረጅሙ ተነፈሱ።

«አሥር ዓመት ሙሉ፣ ማዕበሉ ሲመጣበት እያየ የሞተ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «እንኳንም አላየው።»