ሦስቴ ሲንኳኳ የሸሸሁት

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ጆሮዬ ይቆማል። ሰው ይማርበት እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ለእኔማ ሌላ ሰው ነው ያስተማረኝ።

የምኖረው እሪ በከንቱ ነው። ቤቴ የቀበሌ ነው፤ አንድ ክፍል፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ። ከመጋረጃው ወዲያ ልጄ ቤዛ ትተኛለች፣ ወዲህ እኔ። አባቷ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። የቤዛ አልጋ ከተጠጋበት የጭቃ ግድግዳ ማዶ እትዬ ጽጌ የሚባሉ ብቸኛ ባልቴት ይኖሩ ነበር።

እኔና እትዬ ጽጌ አንድ ልማድ ነበረን። የግድግዳው ምርጊት ወልቆ ቋሚው እንጨት ወጥቷል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እሳቸው በከዘራቸው እጀታ እንጨቱን ሦስቴ ያንኳኳሉ። «አድሬያለሁ» ማለታቸው ነው። እኔም መጋረጃውን ገልጬ እገባና፣ በተኛችው በቤዛ ላይ ጎንበስ ብዬ ሁለቴ እመልሳለሁ። «ሰምቻለሁ» ማለቴ ነው።

«ሳላንኳኳ ከቀረሁ በሩን ገንጥለሽ ግቢ፤ ብቻዬን አልሙት» ይሉኝ ነበር።

«እርስዎ እኮ ሁላችንንም ቀብረው ነው የሚሞቱት።»

«ኤዲያ! አካፋ የምይዝበት ጉልበት የት አለኝ?»

ታዲያ በሰኔ ወር አንድ ቀን ሳያንኳኩ ቀሩ። ልብ አላልኩም ብዬ አልዋሽም። ብያለሁ። ግን የምሠራው አራት ኪሎ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጽዳት ነው፤ አንድ ሰዓት ሲሆን የፊርማ መዝገቡ ይነሳል። አለቃችን ደግሞ ምላሷ ምላጭ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን አርፍጄ፣ «ምነው፣ አራት ኪሎን አዛወሩብሽ እንዴ?» ብላ ሰው አስቃብኛለች። «እንቅልፍ ጥሏቸው ይሆናል፣ ስመለስ አያቸዋለሁ» ብዬ ሄድኩ።

ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ሊተክሉ ጉድጓድ ይቆፍሩ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። ለቅሶው ላይ ሰዉ «አንቺ እኮ ልጃቸው ነበርሽ» እያለ ሲያጽናናኝ መሬት መሬት አየሁ። ቤታቸው ተቆለፈ። ቁልፉን ወረዳ ወሰደው።

ከዚያ ወዲህ ያ ግድግዳ አጠገብ መቆም ፈራሁ። ወደ መጋረጃው ሳልጠጋ በጥድፊያ ለባብሼ እወጣለሁ፤ ጫማዬን እንኳ የማስረው ደጅ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሆነ። አርባቸው በወጣ በሳምንቱ፣ እንደዚያው ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ሰማሁት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያው ግድግዳ። ከዚያው እንጨት። ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት።

አንዱን ጫማ ሳላስር ሮጥኩ።

በነጋታውም ተንኳኳ። በሠልስቱም። ደጅ ስወጣ ጠብቆ ነው የሚንኳኳው። እትዬ ጽጌ «ለምን ሳትመጪልኝ ቀረሽ?» የሚሉኝ መሰለኝ። ሥራ ላይ የወለወልኩትን ወለል መልሼ እወለውላለሁ። እህል አልወርድ አለኝ። ቀሚሴ ሰፋኝ። መንኳኳቱን ብቻ የነገርኳቸው የንስሐ አባቴ «የእሳቸው ነፍስ አርፋለች፤ ያላረፍሽው አንቺ ነሽ» ቢሉኝም አልገባኝም።

ስለ ቤዛም ልንገራችሁ። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ ማስረጃዋን ይዛ ከቢሮ ቢሮ ስትዞር ከረመች። ከዚያ መውጣት ተወች። ፀጉሯን መሠራት ተወች። ከድኜላት የምሄደውን ምግብ ማታ እንደተከደነ አገኘዋለሁ። እኔ ግን ስንፍና መሰለኝ። «ተነሺ እንጂ፣ ቁመት በእንቅልፍ አይጨመርም!» እላታለሁ።

አንድ ቀን ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ጠዋት ግድግዳው ሲንኳኳ ትሰሚያለሽ?» አልኳት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ «ከሰማሽው ለምን አትመልሺለትም?» አለችኝ።

«በስመ አብ በይ! የሙት ጥሪ ይመለሳል እንዴ?» ብዬ ተቆጣኋት። እናቴም ስታሳድገኝ የማላውቀው ድምፅ ሲጠራኝ አቤት እንዳልል ነው ያስተማረችኝ።

ጠበል አምጥቼ ግድግዳውን ረጨሁት። የቤዛ አንሶላ ራሰ፤ እሷ ግን ዘወር እንኳ አላለችም። ቢቸግረኝ ድምፁን እንዳልሰማ ብዬ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ እንጨቱ ላይ በምስማር መታሁበት። በነጋታው ታፍኖ፣ ግን ከድሮው በርትቶ ተንኳኳ።

ያን ዕለት እንዴት ፒያሳ እንደደረስኩ አላውቅም። ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ልሰለፍ ስል ዓይኔ ጨለመብኝና አንድ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ አልኩ። ባለሱቁ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው፤ የእጅ ሰዓት ይጠግናሉ። ገና መክፈታቸው ነበር። በርጩማ ሰጡኝ፣ ውሃ ሰጡኝ።

«ቁርስ በልተሻል እህቴ?»

«አልበላሁም ጋሼ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ይቺ ጥያቄ አስለቀሰችኝ። ለንስሐ አባቴ ያልተናገርኩትን፣ እትዬ ጽጌን ትቻቸው የሄድኩበትን ቀን ሳይቀር ለማላውቃቸው ሰው ዘረገፍኩት። አላቋረጡኝም።

«እኔ ዕድሜዬን ድምፅ ሳዳምጥ ነው የኖርኩት» አሉኝ። «ከየት እንደሚመጣ ሳልለይ ሰዓት አልፈታም። እንግዲህ ንገሪኝ፣ ማዶው ቤት ማን አለ?»

«ማንም። ተቆልፏል።»

«ወዲህስ?»

«ልጄ ተኝታለች።»

«አንቺ ቤት ውስጥ ሳለሽ ተንኳኩቶ ያውቃል?»

አሰብኩ። «አያውቅም። ልክ ስወጣ ነው።»

«እኔ እንዲህ የሥራ ሰዓት የሚያከብር ጂን ሰምቼ አላውቅም» ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ልጅሽ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀችው መቼ ነው?»

ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት። የጥምቀት ነው? የፋሲካ ነው? የእናት ልብ እንዴት ይህን አያውቅም?

«ተመለሺ» አሉኝ። «ሥራው ይደርሳል።»

ዳገት ቁልቁለቱን እንዴት እንደሮጥኩት እግዜር ይወቅ። ቤት ስደርስ ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። ከመጋረጃው ወዲህ እንደቆምኩ፣ በበሩ መቃን ላይ በጣቴ ሁለቴ አንኳኳሁ።

ከውስጥ ትንፋሽ ቀጥ ሲል ሰማሁ። ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

መጋረጃውን ገለጥኩት። ልጄ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። እጇ በብርድ ልብሱ ሥር ገብቶ እንጨቱ ላይ ነው። የጣቷ አንጓ ተልጧል።

«ቤዛ! አንቺ ነሽ? ለምን እናትሽን እንዲህ ታስፈራሪያለሽ?»

«እትዬ ጽጌ ሲያንኳኩ ትመልሺላቸው ነበር» አለችኝ ሳትዞር። «እኔ ላይ ጎንበስ ብለሽ። ልብስሽ ፊቴን ይነካኝ ነበር። እኔ ሳንኳኳ ትሮጫለሽ።»

«ለምን አልጠራሽኝም ታዲያ? አፍ የለሽም?»

«ምን ብዬ? ቃሉ ጠፋኝ። ሁለቱን ፈልጌ ነው እማዬ። ሁለቱን ብቻ።» እጇን ከእንጨቱ ሳታነሳ ጨመረች። «አንድ ቀን እኔም ሳላንኳኳ እንዳልቀር ፈርቼ ነበር።»

ያቺን ቃል ከጆሮዬ የሚያወጣልኝ የለም። ከጎኗ ተኛሁ። እንደ ሕፃንነቷ ታቀፍኳት፤ አጥንቷ ብቻ ነበር የቀረው። ያን ቀን ሥራ አልሄድኩም።

በነጋታው ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ እነሱ ወደ ሆስፒታል ላኩን። ሐኪሟ «ድባቴ ይባላል፣ ሕመም ነው፣ ስንፍና አይደለም» ስትለን የምገባበት ጠፋኝ። መድኃኒት አዘዘችላት። በየሳምንቱ እየመጣች እንድትነጋገር ቀጠረቻት። ፀሐይ እንድታይ፣ እንድትራመድ፣ ብቻዋን እንዳትበላ ነገረችን። ለእኔም «አንቺም ብዪ፣ አንቺም ተኚ፤ ያስጨነቀሽን ለሰው ተናገሪ» አለችኝ። አሁን ከሥራ ስመለስ ሁለታችን እስከ ፒያሳ ሽቅብ እንሄዳለን። ጋሼ ሰይድ፣ ሰዓት ሠሪው ማለቴ ነው፣ ቤዛን ባዩ ቁጥር «ያቺ ሰዓት አክባሪዋ ጂን መጣች!» ይሏታል። መጀመሪያ የሳቀችው እሳቸው ደጃፍ ላይ ነው። ቀኑን ይዤዋለሁ።

ዳነች አልልም። ደህና የምትሆንበት ቀን አለ፣ ፀጉሯን የማትነካበትም ቀን አለ። ብርድ ልብሱን ግን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ።

እትዬ ጽጌን አስባቸዋለሁ። ያን ጠዋት ሞተው ነበር ወይስ ከዘራውን ማንሳት አቅቷቸው የእኔን ኮቴ ሲርቅ ይሰሙ ነበር? የሚነግረኝ የለም። በዚህ ጥያቄ ነው የማረጀው።

ጫማዬን ዛሬም የማስረው ደጅ ነው፤ በፍርሃት ግን አይደለም፣ ቤዛ ስለለመደችው ነው። አስሬ እጨርስና እቀመጣለሁ። ሦስቴ ይንኳኳል። ገብቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ልብሴ ፊቷን እየነካ ሁለቴ እመልሳለሁ። ከዚያ ነው የምሄደው።

አንዳንድ ቀን ይዘገያል። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ግቢው ሁሉ ጭር ይልብኛል፤ ያ የሰኔ ጠዋት ይመጣብኛል። አንድ ሰዓት ይሞላል፣ መዝገቡ ይነሳል፣ አለቃዬም የምትለውን ትላለች። ትበል። ሳይንኳኳ ከዚያ ደረጃ ከተነሳሁ፣ ወደ ውስጥ ወደ እሷ ነው።