አራት ስንዝር

የሁለተኛ ክፍል ልጆቼ መቁጠር አያቅታቸውም ነበር። ስንት በግ ገባ፣ ስንት ቀረ ብትላቸው መልሱን ከአፍህ ይነጥቁሃል። "ልዩነቱ ስንት ነው?" ብዬ ስጠይቅ ግን ክፍሉ በሙሉ ጣሪያ ያያል። "ይበልጣል"ንና "ያንሳል"ን ቤታቸው ሲጣሉባቸው አይሳሳቱም፤ ሰሌዳ ላይ ስጽፋቸው እንደማያውቁት እንግዳ ይሸሿቸዋል።

ትምህርት ቤታችን ከጉንደ ወይን ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተ በመሆኑ የሰባት ዓመት ሕፃንና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃገረድ አንድ ክፍል ይማሩ ነበር። ሁለት እህትማማቾችም ነበሩኝ፤ ታናሺቱ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ከክፍሉ ሁሉ ትንሿ፣ ታላቂቱ ደግሞ ከእኔ ትከሻ የምትደርስ። አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ ይቀመጣል። እኔም እንደዚያ ተቀምጬ ነው የተማርኩት፤ እነሱንም እንደዚያው አስቀመጥኳቸው።

መጽሐፉ በስንዝርና በክንድ መለካትን ያስተምራል። ቃላቱን አፋቸው እንዲለምድ በየሰኞው አንድ ነገር እያስለካሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩ ላደርግ አሰብኩ። ለዚህ ከሳምንት ሳምንት የሚለወጥ ነገር ያስፈልገኝ ነበር። ሚያዝያ ላይ አገኘሁት። ወላጆች በድንጋይና በጭቃ በሠሩት በኋለኛው ግድግዳ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ ጀርባ፣ ከወለሉ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ ነበር። አሁን ሳስበው ያመኛል፤ ያን ቀን ግን ደስ ነበር ያለኝ።

በየሰኞው ከአንድ አግዳሚ አንድ ልጅ እየተነሳ እንዲለካ፣ ተራው ከፊት እንዲጀምር አደረግሁ። መጀመሪያ ትንሿ ልጅ ወጣች። እጇን እየዘረጋች ለካችና "አራት ስንዝር" አለች። ሰሌዳው ጥግ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ ጻፍኩት። በሚቀጥለው ሰኞ የሁለተኛው አግዳሚ ልጅ ለካ፤ አራት። የሦስተኛው፣ አራት። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ካለፈው ሳምንት ጋር እኩል ነው" ይላል። "እኩል" የሚለውን ቃል እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያዙት። እኔ "ይበልጣል" እንዲሉልኝ እየጠበቅሁ ነበር፤ ስንጥቁ እንቢ አለኝ እያልኩ እቀልድ ነበር።

ግንቦት ሲጋመስ ዝናቡ ጀመረ። የትምህርት ቤቱን ዘበኛ፣ በወጣትነታቸው ግንበኛ የነበሩትን ሽማግሌ፣ አንድ ቀን ከውጭ በኩል ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ አገኘኋቸው።

"መምህር፣ ይኸ ግድግዳ ሆዱ ተነፍቷል። ልጆቹን ወደፊት ቢያስጠጓቸው ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።"

"አባቴ፣ እኛ በየሳምንቱ እንለካዋለን። ንቅንቅ አላለም" አልኳቸው።

መዳፋቸውን ከግድግዳው አነሱ። ሊከራከሩኝ አልፈለጉም፤ የተማረ ሰው ለክቶ ከነገራቸው ምን ይበሉ።

በሰባተኛው ሰኞ ከመጨረሻው አግዳሚ ታላቂቱ እህት ለካች። አራት። በስምንተኛው ተራው ዞሮ ወደ ትንሿ ተመለሰ። ለካች፤ ቆም አለችና እንደገና ለካች።

"ስድስት ስንዝር። ካለፈው ሳምንት በሁለት ይበልጣል" አለች።

ስምንት ሳምንት ሙሉ የጠበቅሁት ዓረፍተ ነገር ይኸው ነበር፤ አንድ ቃል አልጎደለውም። ክፍሉ ሳቀ። ታላቅ እህቷ ብቻ ዞራ ግድግዳውን አየች። እኔ ግን ሠንጠረዤን ነበር የማየው፤ ሰባት አራቶች ቁልቁል ተደርድረዋል። "ድገሚ" አልኳት። ደገመች፤ ስድስት። ይህ ሁሉ ልጅ ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ልትሆኚ ነው ብዬ ተቆጣሁና ደብተሯ ላይ በቀይ ኤክስ አደረግሁባት። ወደ ቦታዋ ስትመለስ እጇን ዘርግታ ታየው ነበር። ያኔም ጥርጣሬ ገብቶኝ ነበር፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና ወደ መቀነስ አለፍኩ።

ዓርብ ዕለት ከኋለኛው ግድግዳ የጭቃ ምርግ ረግፎ የታላቂቱ ደብተር ላይ ወደቀ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መጻፏን ቀጠለች።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ዘበኛው ቤቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። "ወድቋል" ብቻ አሉኝ። ወደ ውስጥ ነበር የወደቀው። የመጨረሻው አግዳሚ ከድንጋይ ሥር አልታይ ብሏል።

ሰኞ ልጆቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ከዚያ አንዱ፣ እኔ እንዳስተማርኩት አድርጎ፣ ረጋ ብሎ ተናገረ፦ "በኋለኛው አግዳሚ አምስት ልጆች ይቀመጣሉ። አምስት ሲቀነስ አምስት፣ እኩል ይሆናል ዜሮ።" ማንም አልሳቀም። እኔም ጎበዝ አላልኩትም።

ትንሿ ልጅ ደብተሯን ገልጣ ወደ እኔ መጣች። "መምህር፣ ስድስት ነበር አይደል?" አለችኝ። እጇ ኤክሱ አጠገብ ተዘርግቶ ነበር። ታላቅ እህቷን ጠራሁና እጇን ከጎኑ እንድታሳርፍ አደረግሁ። የትንሿ ስንዝር ከእህቷ ስንዝር አንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል። ከአጭር ወደ ረጅም እያልኩ ሳስለካ ከስንጥቁ ጋር የልጆቹም እጅ አብሮ ያድግ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የስንጥቁ ጫፍ ላይ በከሰል አንድ ጭረት ባሰምር ኖሮ ማደጉን ማንም ያየው ነበር።

ኤክሱን ሰርዤ ልክ ነሽ ብዬ ጻፍኩላት። ይቅርታም ጠየቅኋት፤ መምህር ይቅርታ ሲል ሰምታ ስለማታውቅ መሰለኝ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ደብተሯን በብብቷ ይዛ፣ በለካችበት እጇ የእህቷን እጅ አጥብቃ ያዘች። እስክንበተን ድረስ አልለቀቀቻትም።