በመርሳ ሰማይ ያለፈው እሳት

ናጅዋ መርሳ ላይ ፊዚክስ አስተማሪ ነበረች። በጦርነቱ ከተማዋ በጦር ተይዛ መብራትም ስልክም ሲጠፋ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እሷም በሯን ቆልፋ መዋል ያዘች። የአጥር ተጋሪዋ እማ ዘሀራ ብቸኛ ልጃቸው አብዱልሐሊም ከሚሸሹት ጋር ወደ ውርጌሳ እንደወጣ ድምፁ ጠፍቶባቸዋል።

ኅዳር ላይ፣ መግሪብ ሊሰገድ ሲል፣ አንድ እሳት ሰማዩን ማቋረጥ ጀመረ። ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ እየተቆራረሰ፣ አረንጓዴና ብርቱካንማ ጭራ እየጎተተ። ድምፅ የለውም። ውሾች እንኳ ዝም አሉ። ካለፈ ወዲያ ነው ከሩቅ የሚንከባለል በርሜል የመሰለ ጉርምርምታ መጥቶ ቆርቆሮውን ያንቀጠቀጠው።

«ምን ጉድ ነው ልጄ?» አሉ እማ ዘሀራ፣ ለማየት ደጅ የወጣችውን የናጅዋን ክንድ ጨብጠው።

«አይዞዎት፤ መሣሪያ አይደለም። ከህዋ የሚመለስ መንኮራኩር ነገር ነው። ከፍጥነቱ የተነሳ ፊቱ ያለው አየር ግሎ እሳት ይሆንና ይሸፍነዋል፤ ፕላዝማ ይሉታል። ያን ጊዜ ሬዲዮ አያልፍም።»

«ሰው ይሳፈርበታል?»

«አንዳንዱ ላይ።»

«ሲጠሩትስ?»

«አይሰማም፤ እሱም ቢጣራ የሚሰማው የለም። እሳቱን ሲያልፍ ድምፁ ይመለሳል።»

ይህኛው ግን ስብርባሪ ነው፣ ሰው የለበትም ልትል አፏን ከፈተች። ፊታቸውን አይታ ተወችው።

ከዚያ ወዲህ እማ ዘሀራ በየመግሪቡ አጥሩ ሥር ቆመው «አብዱልሐሊም» ይላሉ፤ አጠገባቸው ያለ ይመስል በዝግታ። ከዚያ መልስ እንደሚሰማ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ናጅዋ ከአጥሩ ወዲህ ሆና ታያቸዋለች።

ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ለቆ ወጣ። ስልክ በተመለሰ ለት ናጅዋ እማ ዘሀራ አጠገብ ቁጭ ብላ የልጁን ቁጥር ደወለች። ጠራ፤ ተነሳ። የሚናገር ግን የለም፣ የነፋስ ሽውታ ብቻ። «ሃሎ» ስትል ሽውታው ቀጥ አለ፤ ሰው ጆሮውን ሲጥል እንደሚያደርገው። ከዚያ ተዘጋ፤ ዳግም አልሠራም።

ሰንበት ብሎ አብሮት የሸሸ ናስር የሚባል ጎረቤት መጣ። አብዱልሐሊምን መንገድ ላይ ጥይት አግኝቶት፣ ገና በሸሹ በመጀመሪያው ሳምንት በገዛ እጁ ከነልብሱ ከነስልኩ እንደቀበረው ተናገረ።

ለቀስተኛው ሲበተን ናጅዋ ቀረች። «እማ፣ ያን ለት እሳቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።»

«ገብቶኛል ልጄ። ቢሆንም ዝምታው ሞት ላይሆን ይችላል ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ያን ሁሉ ቀን ልጅ ነበረኝ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ስልኩን ያነሳው ማነው ታዲያ?»

ናጅዋ መደባቸው ላይ ኩታዋን አነጠፈችና አብራቸው አደረች።