ደራ የተወለደው ልጄ

የጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን ወገኖቼ። እዚህ መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ ዘምሬያለሁ፤ ዛሬ ግን የወጣሁት ለመዘመር አይደለም። እግዚአብሔር በቤቴ ውስጥ ያደረገውን ልነግራችሁ ፈልጌ ነው። ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፣ ድንጋጤው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አንዳንዴ ለራሴ ሳወራው የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል። ክብሩን እሱ ይውሰድ።

ለማታውቁኝ፣ ጽጌ እባላለሁ። እዚሁ አዳማ ቤቴ ውስጥ መጋረጃና አንሶላ እየሰፋሁ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ግርማ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከአርሲ ስንዴ እየጫነ ለዱቄት ፋብሪካዎች ያመጣል። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሜሮን፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ጌታን ከማወቄ በፊት እኔ ፍርሃት የሚገዛኝ ሰው ነበርኩ። ግርማ መንገድ በወጣ ቁጥር መኪናው የተገለበጠ ይመስለኛል፤ እህል አይወርድልኝም። ጎረቤቴ እትዬ ወርቅነሽ፣ እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት እናታችን፣ ሜሮን ገና ዳዴ ስትል እጄን ይዘው ወደዚህ ቤት አመጡኝ። ጌታ ያንን ፍርሃት ከላዬ ላይ አነሳው። ስሙ ይባረክ። ግርማ ግን አልተከተለኝም፤ እኔን አይከለክለኝም፣ እሱ ግን አይመጣም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ያደግኩ መሰለኝ። መዘምራን ገባሁ፣ የጸሎት ቡድን መሪ ሆንኩ፣ ጾም ሲታወጅ ቀድሜ እጾማለሁ። ወገኖቼ፣ በመንፈስ ማደግ ማለት አገልግሎት መጨመር ይመስለኝ ነበር። ሌላ ትምህርት እንደሚጠብቀኝ አላውቅም ነበር።

አንድ ሰሞን ግርማ ከመንገድ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ፣ ሰውነቱ ሟሽሾ መጣ። አይበላም፣ አያወራም፤ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቶ ይንቀጠቀጣል። ወባ ነው አልኩ። ክሊኒክ ወስጄው ደሙ ታየና ወባ የለበትም አሉኝ፤ እኔ ግን ማሽኑ ተሳስቶ ነው ብዬ ሾርባ እየሠራሁ አስታመምኩት። የጸሎት ቡድናችን አባላትም ቤቴ መጥታችሁ እጃችሁን ጭናችሁ ጸለያችሁለት፤ ትዝ ይላችኋል። በጸሎቱ መካከል ግርማ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። መንፈስ ቅዱስ ነካው ብለን ሃሌ ሉያ አልን። ከዚያ ቀን በኋላ ተነሳ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ጌታ ባሌን ፈወሰልኝ ብዬ አመሰገንኩ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግርማ ሥራ ወጥቶ፣ ሜሮን ትምህርት ቤት ሄዳ፣ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጫለሁ። የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት አሮጊት ቆመዋል። ጫማቸውን አቧራ ለብሶታል፣ ጀርባቸው ላይ ሕፃን አዝለዋል። ያመጣቸው ባጃጅ ገና አልሄደም። «አካም ጅርታ» አሉኝ፣ እኔም በምችለው ኦሮምኛ ሰላምታቸውን መለስኩ።

«የግርማ እህት አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

ግርማ እህት የለውም። ቤት ተሳስተው ነው ብዬ የትኛውን ግርማ እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። ሾፌሩን አሉ፤ ስንዴ የሚጭነውን። ከዚያ ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ። ግርማ ነው። አጠገቡ አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች፣ እጁ ትከሻዋ ላይ ነው። የለበሰውን ሹራብ የመረጥኩለት እኔ ነኝ።

«ሚስቱ ነኝ» አልኳቸው።

ወገኖቼ፣ እኔ ብቻ የደነገጥኩ እንዳይመስላችሁ። እኚያ እናት ቀስ ብለው በሩን ተደግፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እኔም ከፊታቸው ተቀመጥኩ። ሁለት ሴቶች ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እንተያያለን። ድምፅ የነበረው የሕፃኑ ብቻ ነው። የባጃጁ ልጅ ግራ ገብቶት ሂሳቡን እንኳ ሳይጠይቅ ሄደ።

ስማቸው ብርቄ ነው፣ በኦሮምኛ አክብረን አዴ ብርቄ እንላቸዋለን፤ የአርሲዋ ደራ ሰው ናቸው። ቆይተው፣ አንዳንዴ በአማርኛ፣ ሲያቅታቸው በኦሮምኛ ነገሩኝ። ግርማ ደራ ላይ ሲያልፍ ሲያገድም አያንቱ የምትባል ልጃቸውን ተዋውቆ፣ ሽማግሌ ልኮ አግብቷታል። አዳማ የማድረው እህቴ ቤት ነው ይላቸው ነበር። አያንቱ ይህን ልጅ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳትና ሞተች። ግርማ ቀብሯ ላይ ቆሞ፣ አልቅሶ፣ መኪናው ላይ ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አይሠራም። እሳቸው ስኳር አለባቸው፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ጨቅላ ማሳደግ ሲያቅታቸው ቤቱን ከስንዴ ሾፌሮች ጠይቀው፣ የልጁ አክስት ናት ብለው ወዳሰቧት ሴት ይዘውት መጡ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ሚስት እንዳለው ባውቅ ልጄንም አልሰጠው፣ ያንቺንም ደጅ አልረግጥ ነበር» አሉኝና ሊሄዱ ተነሱ።

ይሂዱ ብዬ ነበር በልቤ። እውነቴን ነው። ግን ሕፃኑ ባዶ ጡጦ እየጠባ ነበር። ወተት ይጠጣና ይሂዱ አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ግርማ ገባ። አዴ ብርቄን ሲያይ የመኪናው ቁልፍ ከእጁ ወደቀ። ይክደኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልካደም። ወንበሩን ይዞ ቆሞ እንባው ብቻ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ነው ወባው ምን እንደነበር የገባኝ። ባሌ በእኔ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ የእኔን ሾርባ እየጠጣ፣ ሌላ ሚስቱን ነበር የሚያለቅሰው። እኛ ደግሞ እጅ ጭነን ሃሌ ሉያ እንላለን። 

በዚያው ሰዓት አዴ ብርቄ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሳቱ። ሐኪም ቤት አስተኛናቸው። ሲሻላቸው ወደ ደራ ተመለሱ፤ ልጁ ግን በእኔ እጅ ቀረ። እንዲህ ነው የሆነው። ላሳድገው ብዬ አልወሰንኩም፤ የሚቀበለኝ ሰው ጠፍቶ በእጄ ቀረ።

ነገሩን የሰሙ ሰዎች መከሩኝ። አንዳንዶቹ ባልሽን ፈትተሽ ልጁን ለማሳደጊያ ስጪ አሉኝ። አንዳንዶቹ ደግሞ አማኝ ነሽ፣ ዛሬውኑ ይቅር ብለሽ እንደ ልጅሽ ውደጂው አሉኝ። ሁለቱም ከአቅሜ በላይ ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ግን መጥተው አብረውኝ ተቀመጡ። ምን ላድርግ እያልኩ ብወተውታቸው እንዲህ አሉኝ፤

«ጽጌ፣ የዕድሜሽን ሁሉ ዛሬ አትወስኚ። ልጁ አሁን ምን ፈለገ? ወተት። ወተቱን አፍዪለት። ለነገው ጌታ ነገ ያግዝሻል።»

ቅዱሳን፣ በዚህ መድረክ ላይ ትልልቅ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ቃል የያዘኝ የለም። ጡጦ መቀቀል ጀመርኩ። ዳይፐር መቀየር፣ ማጠብ፣ ማዘል። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ በጀርባዬ አዝዬው እውላለሁ። ጸሎቴም አጠረ። ድሮ ረጅም ነበር የምጸልየው፤ ያን ጊዜ ግን ጡጦውን ይዤ «ጌታ ሆይ፣ ለአሁኑ ብቻ» እላለሁ። ለአሁኑ ይሰጠኛል። ሲያልቅ ደግሞ እጠይቃለሁ። እግዚአብሔር ታማኝ ነው።

ቤቱ ግን ቤት አልነበረም። ግርማ ሳሎን ይተኛል። ሜሮን ለአባቷ መልስ መስጠት አቆመች፤ እሱ ሲገባ ሳህኗን ይዛ ትወጣለች። እኔም ለልጁ ሁሉንም ነገር አደርግለታለሁ፣ አንድ ነገር ግን አቃተኝ። እናቱ ሳትሞት ስም አውጥታለት ነበር፣ ገመቹ፤ በኦሮምኛ ደስታ ማለት ነው። እንግዲህ እኔ ያንን ልጅ ደስታ ብዬ እንዴት ልጥራ? «ልጁ» ነበር የምለው። ልጁ በላ፣ ልጁ ተኛ።

ከዚያ ታመመ። ጠዋት ትንሽ አስሎት ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ትኩሳቱ እንደ እሳት ሆነ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ግርማ ያን ቀን እቤት ነበር። በባጃጅ ይዘነው በረርን። አንዲት ወጣት ዶክተር ተቀበለችን። ደረቱን አዳምጣ ፊቷ ተለወጠ። ኃይለኛ የሳንባ ምች ነው፣ ኦክስጅን ላይ እናደርገዋለን፣ የምንችለውን እናደርጋለን፣ ቃል ግን አልገባላችሁም አለችን። ከዚያ ስሙን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቀና ብላ፣

«እናቱ ማን ናት?» አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። እናቱ ሞታለች፣ እኔ አሳዳጊው ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ወገኖቼ፣ ክው ነው ያልኩት። ማን ተናገረ ብዬ ዞር ልል ምንም አልቀረኝም። ከእኔ አፍ ነው የወጣው፣ ግን ያንን ቃል እኔ አላዘጋጀሁትም። ከኋላዬ ግርማ ግድግዳውን ተደግፎ ወደ መሬት ሲንሸራተት ሰማሁት። ዶክተሯ የምታውቀው ነገር የለም፤ በጥድፊያ እየሠራች፣ እናቱ ከሆንሽ ቅረቢ፣ እጁን ያዢ፣ ስሙን እየጠራሽ አውሪው፣ ድምፅሽን ይለያል አለችኝ።

ድምፅሽን ይለያል። እጁን ያዝኩና «ገመቹ» አልኩት። እሱን በስሙ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነበር። ገመቹ፣ ገመቹዬ፣ እማ እዚህ ነኝ አልኩት። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ጸሎት ልጸልይ ብል ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ስሙን ብቻ ነው የጠራሁት። እግዚአብሔር ግን ያንን እንደ ጸሎት ሰማው። ሃሌ ሉያ፣ ስሙ ይክበር።

ቀናት ወሰደ። ትኩሳቱ ወረደ፣ ኦክስጅኑ ተነሳ፣ ጡጦውን መጥባት ጀመረ። ልንወጣ ስንል ዶክተሯ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ ያን ቀን ይተርፋል ብላ እንዳልጠበቀች ነገረችኝ። ጌታ ነው የሠራው አልኳት። ፈገግ ብላ፣ እሱም ነው፣ አንቺም አልተለየሽውም አለችኝ። እኔ ግን በዚያ ክፍል የዳንነው ሁለት ሰዎች እንደሆንን አልነገርኳትም። በማህፀኔ ያልተሸከምኩትን፣ ባሌ ከሌላ የወለደውን፣ በነፍሴ እንድሳሳለት ያደረገኝ ማነው? ከእኔ አይደለም። እኔ ራሴን አውቃለሁ። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው።

አሁን ቤታችን ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ እዚህ መድረክ ላይ ቆሜ አልዋሽም። ግርማ ሜሮንን አስቀምጦ ሁሉንም ነገር በአንደበቱ ነገራት፤ ይቅርታም ጠየቃት። አሁን ታናግረዋለች፣ ግን ገና ናት፤ ጸልዩላት። እሱ ወደ ደራ በሄደ ቁጥር ለአዴ ብርቄ መድኃኒታቸውን ያደርሳል። እሳቸውም ለገበያ ሲመጡ እኛው ዘንድ ያርፋሉ፤ ባለፈው መጥተው ልጁ ምንጣፉ ላይ ሲድህ እያዩ፣ «አያንቱን ስቀብር ሁለት ሰው የቀበርኩ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው።

ግርማን ይቅር ብለሽዋል ወይ ትሉኛላችሁ። ዛሬ ጠዋት ብዬዋለሁ። ትናንትም ብዬው ነበር። ነገም ስነሳ፣ ያ ፎቶ ዓይኔ ላይ ሲመጣ፣ ጸጋውን ለምኜ ደግሜ እለዋለሁ። እሱ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ በመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጧል። እኔ አልጎተትኩትም፣ ልምጣ ወይ ብሎ ራሱ ነው የጠየቀኝ። ክብር ለጌታ ይሁን።

ወገኖቼ፣ እግዚአብሔርን መምሰል እዚህ መድረክ ላይ የማገኘው ይመስለኝ ነበር። ጌታ ያስተማረኝ ግን ወጥ ቤት ውስጥ፣ ዳይፐር ስቀይር፣ ያስቀየመኝ ሰው ውሃ ስጪኝ ሲለኝና ስሰጠው ነው። ገናም እየተማርኩ ነው። ከእናንተ መካከል በሩ የተንኳኳበት፣ በሰማው ነገር ልቡ የተሰበረ ሰው ካለ፣ አይዞህ፣ አይዞሽ። ጌታ በአንድ ቀን ጀግና ሁኑ አይለንም። የአሁኑን ብቻ ለምኑት። ይሰጣችኋል። እመኑት፣ እኔን የያዘኝ እሱ እናንተንም አይጥላችሁም።

ብዙ የምጨምረው ነበረኝ፣ ግን ይኸው ከኋላ የሚያለቅሰው የኔ ነው። አባቱ ማባበል አቅቶታል። ርቦት ይሆናል፣ ይቅርታ፣ ልሂድለት።