ታናሼን የወደዳት ጂን

ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ በነበረበት ጊዜ፣ ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ ስትወርድም ሆነ ስትመለስ ቴሌግራም ላይ ተከታታይ ልብ ወለድ ታነብ ነበር። እኔም ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ባለው ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ያንኑ አነባለሁ። ታሪኩ ስለ አንዲት ልጅ፣ ስለሚወዳት ጂንና ስለሚወዳት ሐኪም ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል ሥር አንባቢው ለሁለት ተከፍሎ ይሰዳደባል፤ ገሚሱ ለጂኑ፣ ገሚሱ ለሐኪሙ። እኔ፣ አልደብቅም፣ የጂኑ ወገን ነበርኩ። ሐኪሙ ወሬው እንቅልፍ ያመጣል።

እህቴ ለሁለቱም ግድ አልነበራትም። የምትከታተለው ልጅቷን ነው። መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ነገር የምታለቅስ፣ ሰው ቀና ብላ የማታይ ልጅ ነበረች። ክፍሉ በጨመረ ቁጥር አንገቷን እያቀናች መጣች፤ ኋላ ጂኑን ራሱን «ስጠራህ ብቻ ና» እስከማለት ደረሰች። እህቴ ያንን ክፍል ደውላ አነበበችልኝ። ድምጿ ውስጥ የነበረው ደስታ ዛሬም ያናድደኛል። ለልብ ወለድ ልጅ የተፈቀደ ነገር ለእሷም የሚፈቀድ መስሏት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከኩታበር አንድ እህል ነጋዴ ሽማግሌ ላከ። አባታችን ከሽማግሌዎቹ ጋር ጫቱን ቅሞ፣ ዱዓውን አድርጎ ቃል ሰጠ። እህቴን የጠየቃት የለም። እሷ ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን የሚጠግን ልጅ ትወድ ነበር፤ ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። «አልፈልግም» አለች። እናቴ «አብሽሪ፣ ኋላ ትወጂዋለሽ» አለቻት። አለቀሰች፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አንድ ቀን ምሳ ላይ እጇን ከትሪው ሰበሰበችና «እኔን ያገባኝ አለ። ሰው አይደለም» አለች።

ረጅም ነው፣ ነጭ ይለብሳል፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይመጣል፣ ሌላ ወንድ ከነካት ይገድለዋል። ቃል በቃል ከልብ ወለዱ የተወሰደ ነው። ሳቄን በሻርፔ አፈንኩ። ከእኔ ሌላ ሳቅ የመጣበት ሰው አልነበረም።

በእኛ አገር ጂን የወደዳት ሴት ተረት አይደለችም፤ ሁሉም ሰው አንዷን ያውቃል። ነጋዴው ወዲያው ሽማግሌዎቹን መልሶ ልኮ ጋብቻውን ተወ። እህቴ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብላ ነበር ያሰበችው። ቤተሰቡ ግን ሊያድናት ተነሳ። መጀመሪያ አንድ ደግ ሸህ መጥተው ቁርኣን ቀሩባትና «ልጅቱ ደህና ናት» ብለው ሄዱ። እናቴ አላመነችም። ቀጥሎ ጂን በዱላ ያስወጣል የተባለ ሰውዬ ዘንድ ወሰዷት። ውስጥ እግሯ አብጦ፣ በሁለት ሰው ተደግፋ ተመለሰች።

ያን ዕለት ስልኬን ይዤ እናቴ ፊት ቆምኩ። «እማ፣ ይኸው ከዚህ ነው ያመጣችው። ውሸት ነው» ብዬ ጂኑ መጀመሪያ የሚመጣበትን ክፍል አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «ያ አላህ፣ ለካ በስልክ ነው የገባባት» አለችና ስልኬን ቀማችኝ። እህቴ ራሷ «ወላሂ ዋሽቼ ነው» ብላ እናትና አባታችን እግር ላይ ወደቀች። ሰውዬው ግን ይህንንም አስቀድሞ ነግሯቸዋል፦ ጂን ሊወጣ ሲል «የለሁም» ይላል። ዱላው ተጨመረ።

የምትወደው የፋብሪካው ልጅ አንድ ጊዜ ሱቄ ድረስ መጣ። እናቱ «ጂን ያለባት ቤቴ አትገባም» ብላ መማሏን ነገረኝ። «ትንሽ ነገሩ ይብረድ» አለ። በረደ፤ ሌላ አገባ። እህቴም ከፋብሪካው ቀረች። ልብ ወለዱ ውስጥ ያለችው ልጅ ሁለቱንም ትታ ብቻዋን ሄደች ሲሉ ሰማሁ። ማንበብ ግን አልሆነልኝም።

አሁን ዱላው ቆሟል። ጂኑ ግን ቤታችን ውስጥ ተከብሮ ይኖራል። እህቴ «በረደኝ» ስትል ዞሮ የሚያያት የለም፤ «በረደው» ስትል እናቴ ብርድ ልብስ ይዛ ትሮጣለች። የምታገኘው ሁሉ በእሱ ስም ነው።

ዘንድሮ ከኢድ በኋላ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው ለትዳር ጠየቃት። አባታችን በርጩማ ስቦ ፊቷ ተቀመጠ። ዕድሜዋን ሙሉ «አንቺስ?» ብሏት የማያውቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ «እርስዎ ምን ይላሉ? ይፈቅዳሉ?» አለ። ጂኑን መጠየቁ ነው። የእህቴ ከንፈር ተንቀሳቀሰና ቆመ። ከዚያ እኔ የማላውቀው ወፍራም ድምፅ አወጣችና «አልፈቅድም» አለች። አባታችን «እሺ ጌታዬ» ብሎ ጀርባውን ሳይሰጣት ወጣ።

ሲሄድ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ተዋናይ ወጣሽ እኮ» አልኳት፣ ላስቃት ብዬ።

አልሳቀችም። «መጀመሪያ በራሴ ድምፅ ልመልስለት ነበር» አለችኝ። «ብፈልገው አጣሁት።»